ሳቅ ያጣው የፖሊስ ፊልም

ስንደዶ የሚለውን ቅጽል ስም ያወጡለት የትወና ትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው። ነፋስ ቢነሳ ይዞት የሚሄድ የሚመስል ቀጭን ልጅ ነው፤ ድምፁም እንደ ሰውነቱ ነው። እስከዚያ ድረስ የሠራው አንድ ቴአትር ላይ የሚሞት በሽተኛ፣ አንድ የሳሙና ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ሸሚዙ የነጣለት ባል ሆኖ ነበር። ስለዚህ አንድ ወጣት አዘጋጅ ጠርቶ «በመጀመሪያ ፊልሜ ላይ መሪ ተዋናይ ነህ» ሲለው፣ ምን ሆኜ ነው የምጫወተው ብሎ እንኳ አልጠየቀም። የተጠማ ሰው ውሃው ከየት ተቀዳ አይልም።

ኋላ ሲሰማ፣ የሚጫወተው በር በእርግጫ የሚገነጥል፣ ወንበዴ ስሙን ሲሰማ የሚርበተበትለት ሃምሳ አለቃ ኖሯል። ከእሱ ጋር የሚዞረው፣ ጥላውን የሚፈራው ጀማሪ ፖሊስ ደግሞ ቋጥኝ ነው። ቋጥኝ እንደ ስሙ ነው። በር ሲገባ ጎንበስ ብሎ፣ ጎኑንም አዙሮ ነው፤ ሲያስነጥስ ሰፈር ይደነግጣል።

«የተገለባበጠ ነገር ያለ መሰለኝ» አለ ስንደዶ በመጀመሪያው ቀን፣ አንገቱን ደፍቶ።

«ቀልዱ እሱ ነው እኮ!» አለ አዘጋጁ። የአጎቱን መጋዘን ቀለም ቀብቶ ፖሊስ ጣቢያ አድርጎታል፤ ዓይኑ በደስታ ይበራል። «ቀጭኑ ጀግና፣ ግዙፉ ፈሪ! ሕዝቡ ገና ሲያያችሁ በሳቅ ይፈርሳል።»

ቀረጻው ተጀመረ። ስንደዶ «እጅ ወደ ላይ!» ብሎ ሲጮኽ ድምፁ መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ቋጥኝ ፍራ ሲባል ደግሞ፣ ቁም ሣጥን ራሱን አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ሊገባ የሚታገል ይመስላል። ካሜራው ሲጠፋ ነበር ጉዱ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አይጥ ብቅ ብትል፣ ስንደዶ ጠረጴዛ ላይ ዘሎ ወጣ። ቋጥኝ ጠረጴዛውን ከነሰውየው ተሸክሞ ወደ ውጭ ይዞት ሄደ።

«መውጣት ያለባት እሷ ናት እንጂ እኔ ነኝ እንዴ?» አለ ስንደዶ ከላይ።

«እሷ እዚህ ነዋሪ ናት። እንግዳው አንተ ነህ።»

ብርሃን ያዡ በሳቅ መሬት ላይ ተቀመጠ። አዘጋጁ ግን «ጊዜ አታባክኑ!» ብሎ ተቆጣ።

ፊልሙ አልቆ አንድ እሑድ ከሰዓት ተመረቀ። አዳራሹ ሞልቷል። ስንደዶ ልብስ ሰፊ እናቱን ከጎኑ አስቀምጧል፤ ቋጥኝ ከኋላቸው ሁለት ወንበር ይዟል። ፊልሙ ተጀመረ፤ ሰው ዝም። የመጀመሪያው ቀልድ አለፈ፤ ዝም። አንድ ሰው ሳቀ፤ ዞር ብለው ሲያዩት ስልኩን ነው የሚያየው።

«እማዬ፣ እንዴት ነው?» አለ ስንደዶ በሹክሹክታ።

«ልብሱ በደንብ ተተኩሷል።»

«እኔስ?»

እናቱ እጁን ያዝ አደረገችው። «ስትቆጣ ጥርስህን ያመመህ ትመስላለህ፣ የኔ ልጅ። እውነቱን ከጠየቅኸኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ወዲያው፣ ሃምሳ አለቃው በሩን ሊረግጥ እግሩን ባነሳበት ቅጽበት፣ መብራት ድርግም አለ። የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ «ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ትንሽ ታገሡን» ብትልም፣ ሰው ቦርሳውን እያነሳ መቆም ጀመረ። ከኋላ አንድ ከባድ እጅ የስንደዶን ትከሻ ጨበጠ።

«ተነስ፣ መድረክ ላይ እንውጣ» አለ ቋጥኝ።

«አብደሃል? ተዋርደን የለም እንዴ?»

«የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ምሣሩ ሳይበዛ ተነስ። ሃምሳ አለቃው እኔ፣ ፈሪው አንተ።»

እምቢ ለማለት አፉን ሲከፍት ቋጥኝ ተሸክሞ መድረኩ ላይ አቁሞት ነበር። አንዳንዱ የስልኩን መብራት አበራባቸው። ቋጥኝ ጉሮሮውን ሲጠርግ የቆመው ሁሉ ዞረ።

«ጀማሪ! በሩን ስበር!»

ስንደዶ በሌለው በር ፊት ቆመ። እግሩን አንስቶ መልሶ አወረደው፤ የፈራው እውነቱን ነበር። «አለቃዬ... መጀመሪያ ብናንኳኳስ?»

ከፊት አንዲት ሴት ሳቀች።

«ውስጥ ያለው ወንበዴ ነው እኮ!»

«ወንበዴስ ቢሆን? ተኝቶ ሊሆን ይችላል።»

«ስበር አልኩህ!»

«የሰው በር ነው፣ አለቃዬ። እማዬ ብትሰማ ምን ትለኛለች?»

«ተው ልጄ፣ ኋላ ያስጠግኑሃል!» የሚል ድምፅ ከጨለማው ውስጥ መጣ። የእናቱ ነበር።

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የቆሙት ተቀመጡ፤ መብራት ሲመጣም «ቀጥሉ! ቀጥሉ!» እያሉ ጮኹ። ስንደዶ ግን በመጨረሻው ረድፍ፣ ብቻውን አቀርቅሮ የተቀመጠውን አዘጋጅ አየ። ሳቁ አፉ ላይ መረረው። ከመድረኩ ወርዶ አጠገቡ ሄደ።

«ይቅርታ፣ ልናዋርድህ አልነበረም።»

አዘጋጁ ቀና አለ። «ለምን ቀደም ብላችሁ አልነገራችሁኝም?»

«በመጀመሪያው ቀን ነግሬህ ነበር።»

«ተለማምጠህ ነዋ! ጮኸህ ብትነግረኝ እሰማህ ነበር።»

«መጮኽ ብችልማ ፊልሙም ያምር ነበር።»

አዘጋጁ ከንፈሩን ነክሶ ሊችለው ሞከረ፤ አልቻለም። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሳቁ አመለጠው።

ፊልሙ ብዙ ሳይቆይ ከአዳራሹ ወረደ። ነገር ግን ሥራ አስኪያጇ ሦስቱንም ጠርታ፣ እሑድ እሑድ ከፊልም በፊት አጭር ጨዋታ እንዲያሳዩ ጠየቀቻቸው። አዘጋጁ መጻፍ ጀመረ፤ አሁን ግን ከመጻፉ በፊት ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

በመጀመሪያው እሑድ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ስንደዶ ወደ አዳራሹ አጮልቆ አይቶ ቶሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከወዲያ በኩል የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ፈራህ?» አለ ቋጥኝ።

«በጣም።»

«ጎበዝ! እንዳለ ይዘኸው ግባ።»