ለአተር የሚሆን ውሃ

ቦዲል ከትናንት ጀምሮ የተዘፈዘፈውን ሦስት ኪሎ ቢጫ አተር አጥልላ በትልቁ ድስት ገለበጠችው። ውሃውን በሊትር እየለካች ጨመረችበትና ሃያ ደቂቃ አንተከተከችው። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከፍሌሚንግ ጋር ድስቱን ግራና ቀኝ ይዘው በድርቆሽ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት። ሳጥኑ የአያቷ የልብስ ሳጥን ነበር፤ አሁን ዙሪያውን ድርቆሽ ተጠቅጥቆበታል። በድስቱ ላይ በድርቆሽ የተሞላ ትራስ ጫነችበትና ክዳኑን ዘጋችው። ከዚህ በኋላ ምድጃ አያስፈልግም፤ አተሩ በያዘው ሙቀት ቀስ እያለ ይበስላል።

“እንግዲህ ዶሮዋን አስታቅፈናታል፤ ሲፈለፈል ጥሪኝ” አለ ፍሌሚንግ። በየወሩ የራት ተራዋን አብሯት የሚያበስለው ጎረቤቷ ነው፤ የትምህርት ቤት መምህር ስለሆነ ይሁን በተፈጥሮው፣ ቀልድ ሳይጨምር አንድ ዓረፍተ ነገር አይጨርስም።

“አሥር ሰዓት ተኩል ላይ” አለች ቦዲል።

“አሥር ሰዓት ከሃያ ዘጠኝ ብመጣስ?”

“አንድ ደቂቃ ትጠብቃለህ።”

በግቢው ሃያ ሦስት ቤቶች አሉ፤ መሐላቸው ላይ የጋራው ቤት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ራት እዚያ ይበላል። የሚበላ ሰው እስከ ማክሰኞ ድረስ በሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ስሙን ይጽፋል። በዚህ ሐሙስ ወረቀት ላይ ሠላሳ ሁለት ስሞች ነበሩ። የመጨረሻው ከሰኔ ወዲህ ያልታየ ስም ነው፦ አይናር።

አይናር ዕድሜውን በሙሉ አሳማ ሲያረባ ኖሮ፣ እርሻውን ሸጦ ከሚስቱ ከኢንገር ጋር ወደዚህ ግቢ የገባ ሰው ነው። ኢንገር ካረፈች ሦስት ዓመት ሆኗታል። በሰኔ ግቢው ተሰብስቦ ሥጋ ከጋራው ማዕድ እንዲወጣ በድምፅ ሲወስን፣ አይናር አልተከራከረም። ወንበሩን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰና ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራት አልመጣም። ቦዲል እጇን ያወጣችው ውሳኔውን ደግፋ ነበር። ዛሬም ድምፅ ስጪ ብትባል እንደዚያው ትሰጣለች። ነገር ግን የወጥ ቤቷ መስኮት ከእሱ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ አምስት ወር ሙሉ ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሞ ሲበላ አይታዋለች። መስከረም ላይ ቀበቶው በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ ነበረው። ጥቅምት ላይ ሁለተኛው ተጨመረ።

ስለዚህ ሰኞ ዕለት፣ ብስክሌቱን ሲጠግን አግኝታው አጠገቡ ቆመች።

“ሐሙስ ቢጫ አተር ነው የምሠራው” አለችው።

“በአሳማ ሥጋ?”

“ያለ አሳማ።”

“እንግዲያው ቢጫ አተር አይባልም። ቢጫ ውሃ ነው።”

“ቅመስና ስም አውጣለት።”

አይናር ሰንሰለቱን አንድ ዙር አዞረ። “አንቺ ሴት፣ ሙጭጭ ስትዪ አታፍሪም? እሺ፣ አንድ ሐሙስ። ግን ከጠረጴዛው እየራበኝ ከተነሣሁ ሁለተኛ አትለምኚኝም።”

“አልለምንህም።”

ቃሏን የምትጠብቅ ሴት መሆኗን ሁለቱም ያውቁታል። ነገሩን ከባድ ያደረገው ይኸው ነው።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ሰማዩ ጠቁሮ፣ የግቢው መብራቶች በርተው ነበር። ቦዲል ክዳኑን ከፈተች፤ እንፋሎቱ መነጽሯን ሸፈነው። ቴርሞሜትሩን ነከረች፤ ሰባ ስምንት። ማስታወሻ ደብተሯ ላይም ከበጋው ሙከራ የጻፈችው ሰባ ስምንት ነበር። ፈገግ ብላ አንድ አተር በማንኪያ አወጣችና በሁለት ጣቷ ጨመቀችው።

አተሩ አልፈረጠም።

ሌላ አወጣች። ከድስቱ ዳር፣ ከመሐሉ፣ ከሥሩ እያለች አሥር አተር በሰሃን ላይ ደረደረች። አሥሩም ያው ነበሩ፤ ልጣቸው ተሸብሽቦ ውስጣቸው ጠጠር።

ፍሌሚንግ አንዱን አፉ ውስጥ ከትቶ ነከሰ። “የጥርስ ሐኪሟ ቤት ቁጥር አራት ነው። ሠላሳ ሁለት ሰው ይዘን ብንሄድ ቅናሽ ታደርግልናለች።”

ቦዲል አልሳቀችም። “ወደ ምድጃው” አለች።

ድስቱን ጣዱት። የታሰበው ያለ ምድጃ ማብሰል ነበር፤ ያ ሐሳብ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ተንተከተከ። እየጠበቀች ደብተሯን ገለጠች፦ ሦስት ሙከራ፣ ሦስቱም በአራት ሰዓት ልስልስ ብሎ የበሰለ። አተሩ ከዚያው ሱቅ፣ የዘፈዘፈችበት ጊዜ ያው፣ ድስቱ ያው። በጣቷ መስመር በመስመር ወረደች፤ ስሕተቱን አላገኘችውም። አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ አሥር አተር ደግማ ጨመቀች። ሁለቱ ብቻ ትንሽ ለዘብ ብለዋል።

“ዳቦና ቀይ ሥር አለን” አለ ፍሌሚንግ፤ አሁን ቀልዱን ትቶታል። “ሰው ዳቦ በልቶ ያድራል፤ አይሞትም።”

“አይናር ይመጣል።”

“እሱም አይሞትም።”

“ሁለተኛ አይመጣም” አለች ቦዲል። ፍሌሚንግ ዳቦውን መቁረጥ ጀመረ።

አይናር ደግሞ እንደ አብዛኛው ገበሬ ቀደም ብሎ የሚደርስ ሰው ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ በወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ራሱ የፈጨውን ሰናፍጭ በጠርሙስ ብብቱ ሥር ይዞ። ድስቱን አየ፤ ሰሃኑ ላይ የተደረደሩትን አተሮች አየ፤ ከዚያ ቦዲልን።

“ራት የለም” አለችው። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አታውቅበትም። “አልበሰለም። ለምን እንዳልበሰለም አላውቅም።”

ይሄዳል ብላ ጠበቀች። አይናር ሰናፍጩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አንድ አተር አንሥቶ በፊት ጥርሱ ሰነጠቀው። የተሰነጠቀውን ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየው።

“መጀመሪያ የሞከርሽው የት ነው?”

“እህቴ ቤት። ምዕራብ ጠረፍ፣ የበጋ ቤቷ።”

“ውሃውስ የየት ነበር?”

ቦዲል ደብተሯን እንደገና አየች። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን ውሃ ስትመረምር የኖረች ሴት ናት። የምዕራቡ ውሃ ለስላሳ መሆኑን፣ የዚህ አካባቢ ግን ከኖራ ድንጋይ ሥር የሚወጣ፣ የማንቆርቆሪያውን ሆድ በወር ነጭ የሚያለብስ መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ በግቢው የለም። የኖራውን ልክ በየሳምንቱ በእጇ ስትጽፍ ኖራለች። ደብተሩ ላይ ሚዛኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ሙቀቱ አለ፤ “ውሃ” የሚል መስመር ግን የለም።

“ኖራው ነው” አለች በቀስታ። “ልጡን አጠንክሮታል።”

“እናቴ ኖራ ምን እንደሚያደርግ አታውቅም” አለ አይናር፣ የሸሚዙን እጅጌ እየጠቀለለ። “የአተር ቀን ግን ከጉድጓዳችን አትቀዳም ነበር። ከጣሪያ የወረደውን የዝናብ ውሃ ነበር የምታፈላው። ዝናብ ከጠፋ ደግሞ ሶዳ። አለ ሶዳ?”

ፍሌሚንግ የቤኪንግ ሶዳውን ፓኬት ከመደርደሪያ አወረደ።

“በሻይ ማንኪያ። አንድ... ሁለት። በቃ፣ በቃ፤ ከዚያ ካለፈ ሳሙና ሳሙና ይላል። እንዴት አድርገሽ ነው የምታማስዪው አንቺ? ከሥር አንሺው እንጂ። አምጪ ወዲህ።”

ማማሰያውን ከእጇ ወሰደ። አረፋው ወጣ፤ ገፈፈው። ባሮ ሽንኩርቱን ማን እንዲህ አወፈረው ብሎ ጠየቀ፤ ፍሌሚንግ እጁን አወጣ፣ እንደገናም እንዲከትፈው ተፈረደበት። ጦስኙ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው፣ ካሮቱ አሁን። ቦዲል እየሰማች በደብተሯ ጻፈች።

“አምስት ወር ሙሉ” አለ አይናር ድስቱን እያየ፣ ለማንም ሳይሆን፣ “አንድ ሰው መጥቶ ስለ ምግብ ምንም አልጠየቀኝም። ሁሉም ትበላለህ ወይ ብሎ ብቻ ነው የሚጠይቀኝ።”

ቦዲል እርሳሷን አቆመች። እሷም ሰኞ ዕለት የጠየቀችው ያንኑ ነበር።

“ጨውስ?” አለችው።

“አሁን አይደለም። ሲለሰልስ።”

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ገብቶ ተቀመጠ። ፍሌሚንግ ጥቁር ዳቦና በሆምጣጤ የተዘፈዘፈ ቀይ ሥር ይዞ ወጣ፤ አተሩ ምጥ ላይ ነው፣ አዋላጁም አይናር ነው ብሎ ተናገረ። ከአዳራሹ ሣቅ ተሰማ። አይናር ጆሮው ቀላ፤ ግን ማማሰያውን አልለቀቀም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ቦዲል አሥር አተር አወጣች። አሥሩም በጣቷ መሐል ፈረጡ።

አይናር በመጨረሻ የተቀዳለት ሰው ነበር፤ አብሳይ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው የሚበላው። ቦዲል ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ላለማየት ሞከረች፤ አልቻለችም። ሰናፍጩን በዳቦው ላይ ቀባ፤ አተሩን ቀመሰ፤ ቆይቶ እንደገና ቀመሰ።

“ሥጋ ይጎድለዋል” አለ።

“አውቃለሁ።”

“ዋሽቼ ጥሩ ነው አልልሽም። ይጎድለዋል።” ሰሃኑን በዳቦ ጠርጎ ጨረሰና ወደ ድስቱ አዘነበለው። “እስኪ ከሥሩ፣ ከወፍራሙ ጨምሪልኝ።”

ጨመረችለት። ሁለተኛውንም ጨረሰ። ስለ ሰኞው ቃል አንዳቸውም አላነሡም። ሲወጣ፣ የተጨማለቀውን የሸሚዙን ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ እያሸ፣ “ደህና እደሪ” ብቻ አላት።

ዕቃው ታጥቦ ፍሌሚንግም ሲሄድ፣ ቦዲል ሶዳውን ወደ ቦታው ልትመልስ መደርደሪያውን ከፈተች። ከጨውና ከጦስኙ መሐል የሰናፍጩ ጠርሙስ ተቀምጧል፤ ክዳኑ ጠበቅ ተደርጎ ተዘግቷል። ረስቶት ነው ብላ አነሣችው። ከዚያ ግን ሰው የረሳውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ እንጂ መደርደሪያ ውስጥ እንደማይተወው አሰበችና መልሳ አስቀመጠችው።

ደብተሯን ከፍታ ከሙቀቱ መስመር በታች አዲስ መስመር ጻፈች፦ ውሃ፣ የእኛው፤ ሶዳ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ፤ ሰናፍጭ፣ እዚሁ አለ።