ማን ፈቀቅ ይበል

«ፈቀቅ በል!» «አንተ ፈቀቅ በል!» ሁለቱ የእህቴ ወንዶች ልጆች አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ በግድግዳ በኩል የሰማሁት ነው፤ ድሮ። የትኛው እንደጀመረ ዘንግቼዋለሁ። የእህቴ ሳቅ ግን ጆሮዬ ላይ አለ።

አባታቸው ሲሞት ቤቱን ተካፈሉት። ታላቁ በቀኝ፣ ታናሹ በግራ፣ መሃል ባለችው ክፍል እህቴና እኔ። ሰላምታ ካቆሙ ቆዩ። አንዱ ዋይፋይ ሲያስገባ ሌላውም አስገባ፤ አንዱ ባለ ሁለት አንቴና ራውተር ሲገዛ ሌላው ባለ አራት አመጣ።

እህቴ አልጋ ከያዘች ወዲህ የምትጠብቀው የሴት ልጇን ስልክ ነው። ልጅቱ ሩቅ አገር ናት፤ ነገ ለልብ ቀዶ ጥገና ትገባለች። «ሳልመርቃት እንዳትገባ» ትላለች እህቴ። የሞባይል ኔትወርክ ክፍላችን አይደርስም። በአንዱም ሆነ በሌላው ልጅ ዋይፋይ ስንደውል ደግሞ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ «እማ... አይሰ...» ይልና ይቆረጣል።

ቴክኒሻን አስጠራሁ። ስልኬን አይቶ ሳቀ።

«እትዬ፣ ሲግናል አንሷችሁ አይደለም። ቻናል ማለት ራውተሩ የሚያወራበት መስመር ነው። የልጆቹ ሁለቱም ራውተሮች ቻናል ስድስት ላይ ተጋፍተዋል። አንዱ ወደ አስራ አንድ ይሂድ።»

«የትኛው?»

«እሱን እንኳ እናንተው ታውቃላችሁ።»

ታላቁን ጠየቅሁት። «ቀድሜ ያስገባሁ እኔ! ምን በወጣኝ?» ታናሹን ጠየቅሁት። «የማን አሽከር ነኝ? እሱ ይልቀቅ!»

ከሰዓት በኋላ እንደገና ደወልን፤ ያው ነው። ቴክኒሻኑ ስልኬ ላይ በጫነልኝ ፕሮግራም ስመለከት ሁለቱም አስራ አንድ ላይ ናቸው! ለካ እናታቸው አንጀታቸውን በልታቸው፣ ተደባብቀው ለቀዋል። ደስ ብሎኝ ሮጬ ነገርኳቸው።

«ተከትሎኝ መጣ?» አለ ታናሹ።

«እዚያም አላስቀምጥ አለኝ?» አለ ታላቁ።

እህቴ ሰማች። ስልኩን ትራሷ ስር ከታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ጸሎቴን በልቤ አድርሼ ወደ ታላቁ ተመለስኩ።

«እናትህ ደውሉልኝ ማለት ትታለች» አልኩት። ሌላ አልጨመርኩም።

ሄዶ የራውተሩን ሶኬት ያዘ።

«እሺ፣ መርቃት እስክትጨርስ እነቅለዋለሁ» አለ። «ግን አክስቴ፣ ለሱ እንዳትነግሪው። ከጠየቀሽ ተበላሽቶበት ነው በይው።»