የሰባተኛው ቀን ምላጭ

ጥፊው ያረፈው ሞሪን ለብ ያለ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ነው። ከማየቷ በፊት ሰማችው። በዚህ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ስለኖረች የጥፊን ድምፅ ከወደቀ ዕቃ ድምፅ ለመለየት ማየት አያስፈልጋትም።

ሳሎን ስትደርስ ልጇ ያሲር ግራ ጉንጩ ቀልቶ መስኮቱ ጋ ቆሟል። ባሏ ሻፊቅ ፊት ለፊቱ ተገትሯል። ምራቷ ኪርስቲ ሰባት ቀን የሆነውን ሕፃን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሶፋው ጥግ ተሸጉጣለች። የሻፊቅ ታላቅ እህት ነሲም መቁጠሪያዋን መሐል ላይ አቁማ ትመለከታለች። መደርደሪያው ላይ በስኳር ጣሳ ተደግፎ ከቆመው ስልክ ውስጥ ደግሞ ከባሕር ማዶ በሻፊቅ አገር በሚርፑር ያሉት ዘመዶች አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ለሕፃኑ ሰባተኛ ቀን የሚታረዱትን ሁለት ፍየሎች ጠዋት እዚያ አርደው ለመንደሩ አከፋፍለዋል። ከሥርዓቱ የቀረው የሕፃኑን ጸጉር መላጨት ብቻ ነበር።

"እስቲ ድገመው!" አለ ሻፊቅ። "ምን አልከኝ?"

"እኔ ልላጨው ነው ያልኩት፣ አባ። ሌላ ምን አልኩ?"

"እኔ ሞቻለሁ? አንተን በሰባት ቀንህ የላጨሁህ እኔ ነኝ! የዚህን ሰፈር ልጅ ሁሉ የላጨሁ እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ። ይሄ ግን የእኔ ልጅ ነው።"

"የእኔ ልጅ ነው አለኝ!" ሻፊቅ ምስክር እንደሚጠራ ሰው ወደ ስልኩ ዞረ። "ሰማችሁ? የእኔ ልጅ ነው አለኝ!"

ነሲም ከንፈሯን መጠጠች። "አርባ ዓመት የሰው አገጭ ሲላጭ የኖረ እጅ ለገዛ የልጅ ልጁ ሳይሆን ቀረ? ይሄ የማን ምክር እንደሆነ እኛ አናውቅም?" አለችና ዐይኗን ኪርስቲ ላይ ተከለች።

"እኔ ይላጭ ብያለሁ እኮ፣ አክስቴ" አለች ኪርስቲ። "ጠዋት ጭንቅላቱን ያጠብኩትም እኔ ነኝ። ያሲር ይላጨው ነው ያልኩት። ይኸው ነው።"

"ውይ፣ ፈቀድሽልን እንዴ! ተነስተን እጅ እንንሳ?"

ሞሪን ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ተነጥፏል፤ ፎጣው ላይ የሻፊቅ ታጣፊ ምላጭ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከራሱ ጸጉር ቤት የመጣ ነው። ምላጩ የሚሳልበት ወፍራም ቆዳም አብሮ መጥቶ፣ ጫፉ ላይ ባለው የብረት ማንጠልጠያ በሩ እጀታ ላይ ተሰቅሏል።

የሕፃኑ ጸጉር ካሮት የመሰለ ቀይ ነው። የሞሪን አባት የፍራንክ ጸጉር ነው። ያሲርም ሲወለድ እንዲሁ ነበር። የዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ያ ጸጉር ተላጭቶ ሳያበቃ ፍራንክ በሩን በእግሩ ብሎ ገባና "ልጁን እንደ በግ ሸለታችሁት!" እያለ የሻፊቅን የፊት ጥርስ በቡጢ አወለቀ። ከዚያ የሴት ልጁን የሞሪንን ክንድ አየ። ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ጠቁሯል። "ማነው ይሄን ያደረገሽ?" አላት። "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" አለችው። ለሰው የዋሸችው የመጀመሪያው ውሸት ያ ነው። ከዚያ በኋላ የቁም ሣጥኑ በር መጣ፤ በረዶ ያዳለጠው እግር መጣ፤ ፍራንክ እስኪሞት ድረስ መጠየቁን አልተወም፤ እሷም መዋሸቷን አልተወችም።

የቅርቡ ውሸት ግን ሌላ ዓይነት ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ የሻፊቅ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጣል። ሻይ ሲይዝ ስኒው ማስቀመጫው ላይ ይንቃጨላል። ጠዋት ጠዋት የመኝታ ቤቱን በር ዘግተው የሸሚዙን ቁልፎች የምትቆልፍለት እሷ ናት። መጨረሻ ላይ ሁለቱን የእጁን አንጓዎች ያለ ቃል ይዘረጋላታል፤ የእጅጌዎቹን ቁልፎች ታስገባለታለች። "ብርዱ ነው" ይላል። "ብርዱ ነው" ትለዋለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላው አታውቅም፤ ለልጇም ተናግራ አታውቅም። ያሲር ግን ጸጉር ቤቱ ውስጥ አባቱ አጠገብ ባለው ወንበር የሚሠራ ሰው ነው። ባለፈው አርብ አንድ ሽማግሌ ከጆሮው ሥር እየደማ ከወንበሩ ሲነሳ አይቷል።

"እማዬ" አለ ያሲር አሁን። ወደ እሷ ዞሯል። "ንገሪው እንጂ። አንቺም ታውቂያለሽ።"

ሁሉም አዩዋት። ስልኩ ውስጥ ያሉትም ሳይቀሩ።

"ውሃው እየቀዘቀዘ ነው" አለች ሞሪን።

ሌላ ነገር ማለት ትችል ነበር። በኋላ ስታስበው፣ ያን ጊዜ አንድ ቃል ተናግራ ቢሆን ሊተርፍ የሚችለውን ሁሉ ታስባለች። ያሲር ወደ አባቱ ዞረ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ።

"እሺ። እጅዎ ይንቀጠቀጣል፣ አባ። ምላጭ መያዝ አይችሉም። ልጄን አያርዱብኝም!"

ከስልኩ ውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ "ምን አለ? ምን ሆነ እጁ?" ሲል ተሰማ።

ሻፊቅ በእርጋታ ወደ በሩ ሄዶ ቆዳውን ከእጀታው አወረደ። ሞሪን ያን እርጋታ ታውቀዋለች። "ሻፊቅ፣ ሕፃን አለ" አለች። የመጀመሪያው ምት የያሲርን አንገት አገኘው። ሁለተኛው ፊቱን ለመከለል ያነሳውን ክንድ። በሦስተኛው የብረቱ ጫፍ ቅንድቡን ሰነጠቀውና ደም ዐይኑ ውስጥ ገባ።

"በመንደሬ ፊት! በወንድሜ ፊት!" ይላል ሻፊቅ በየምቱ መሐል። "የፈረንጅ ልጅ! የፈረንጅ ልጅ!"

"ግደለው፤ ቆዳው ለአንተ፣ አጥንቱ ለአንተ!" ስትል ጀመረች ነሲም፤ ደሙን ስታይ ግን ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ያሲር በስድስት ዓመቱ ይህን ቆዳ ቆሞ ተቀብሏል፤ በአሥራ ስድስት ዓመቱም ቆሞ ተቀብሏል። አሁን አራተኛውን በመዳፉ ያዘው። ሳበው። አባቱ ተከትሎት ሲመጣ በሌላው እጁ አፉን በቡጢ መታው፤ ያያቱ ቡጢ ያረፈበት ቦታ ላይ። አንዴ ብቻ አልነበረም። ሻፊቅ ግድግዳው ሥር ያለው የቤት ማሞቂያ ብረት ላይ በጀርባው ወደቀ፤ ያሲር ተከትሎ ጎንበስ አለና አንገትጌውን ይዞ እንደገና መታው፤ እንደገና።

"ይብቃህ! ያሲር፣ ትገድለዋለህ!" ኪርስቲ ናት የጮኸችው። ሕፃኑ መጮኽ ከጀመረ ቆይቷል። እናቱ በአንድ እጇ እሱን ይዛ በሌላው የራሷን ስልክ ትነካካለች።

ያሲር ለቀቀው። ወደ ኋላ ሄደ። የገዛ እጁን እያየ ቆመ፤ ለቅሶ ይሁን ማለክለክ ያልለየ ድምፅ ያወጣል።

ሻፊቅ ጠረጴዛውን ይዞ ተነሳ። ውሃው ምንጣፉ ላይ ተገለበጠ። ከፎጣው ላይ ምላጩን አነሳና ወደ ልጁ ዞረ። ሊያስፈራራ ይሁን ሊወጋ ሞሪን አላወቀችም። ለማወቅም አልጠበቀችም። መሐላቸው ገባች፣ ክንዷን አነሳች።

አላመማትም። ቅዝቃዜ ብቻ ነበር የተሰማት። ክንዷ ከአንጓው በላይ በረጅሙ ተከፍቶ አየች፤ ከዚያ ደሙ መጣ፣ በክርኗ ወርዶ ምንጣፉ ላይ መንጠብጠብ ጀመረ። ምላጩ ከሻፊቅ እጅ ወደቀ። እጁ ግን ምላጩን እንደያዘ ሁሉ መንቀጥቀጡን ቀጠለ፤ አሁን ሁሉም ያየዋል።

ሞሪን መጀመሪያ ያደረገችው መደርደሪያው ላይ ያለውን ስልክ በፊቱ መድፋት ነው። ሚርፑር ጠፋች።

"አላህ!" አለች ነሲም። ፎጣውን አንስታ ክንዷ ላይ ጠመጠመችላት። እጆቿ ፈጣን ናቸው፤ ምላሷም እንዲሁ። "ሽንኩርት ስትከትፊ ነው። ሰማሽ እህቴ? ቢላው አዳልጦሽ ነው። ያሲር ደግሞ ከደረጃ ወደቀ። ሁላችንም አንድ ነገር እንናገር። እንግዳ ሰው እኛ ቤት ውስጥ ምን ያውቃል?"

"ስልክ ላይ ናቸው" አለች ኪርስቲ። ፊቷ ወረቀት መስሏል። "አምቡላንስ እየመጣ ነው። ማን እንደቆረጣት ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው? እማማ፣ ምን ልበላቸው?"

ሻፊቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለ። ከንፈሩ ተሰንጥቋል። "መርየም" አላት።

መርየም የሚለውን ስም ያወጣላት እሱ ነው፤ ሲለሰልስ መርየም፣ ሲቆጣ ሞሪን። ዛሬ ጠዋት የእጅጌውን ቁልፍ ስታስገባለት መርየም ነበረች።

ሞሪን ደህናውን እጇን ዘረጋች። ኪርስቲ ስልኩን ሰጠቻት። ወዲያ ማዶ ያለችው ሴት በቀስታ ነው የምትናገረው። ስምሽ ማን ነው? ሞሪን። ዕድሜሽ? ስድሳ አንድ። ምን ሆነሽ ነው?

ነሲም ከፊቷ ቆማ አፏን ያለ ድምፅ ታንቀሳቅሳለች። ሽንኩርት፣ ሽንኩርት።

"ባሌ ቆረጠኝ" አለች ሞሪን። "በምላጭ። ሻፊቅ ይባላል። ልጄንም በቆዳ ደብድቦት ቅንድቡ ተሰንጥቋል። ልጄም እሱን መትቶታል፤ ከአፉ ይደማል።" ትንሽ አሰበች፤ ዓረፍተ ነገሩ ያላለቀ መስሎ ተሰማት። "የዛሬው ብቻ አይደለም። እጁ ደግሞ ታሟል። ዓመት ሆኖታል። እኔ አውቅ ነበር።"

ነሲም ወንበር ላይ ተቀመጠችና መሐረቧን አፏ ላይ አደረገች።

"አንቺ!" አለ ሻፊቅ። ጩኸት አልነበረም። ያሲር ኪርስቲ አጠገብ ሄዶ ተንበረከከና የደማ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ ግን ሳይነካው፣ የልጁን ቀይ ጭንቅላት እያየ ቆየ። ሕፃኑ ጮኾ ጮኾ እንቅልፍ ወስዶታል። ጸጉሩ ጠዋት ስለታጠበ ጨፍርሯል።

"ዛሬ አይላጭም" አለች ኪርስቲ።

"አይላጭም" አላት ያሲር።

ፖሊሶቹ ከአምቡላንሱ ቀድመው ደረሱ። ሰማያዊው መብራት በመጋረጃው በኩል ግድግዳው ላይ መጣ ሄደ። የመኪና በር ተዘጋ፤ ጎረቤት አንድ ነገር ሲል ተሰማ። ሻፊቅ ተነሳ። ጸጉሩን በመዳፉ ወደ ኋላ አስተኛው፣ የሸሚዙን አንገትጌ አስተካከለ። በግርግሩ ቀኝ እጅጌው ተከፍቶ ተንጠልጥሏል። በግራ እጁ ቁልፉን ለማስገባት ሞከረ፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሳተው። አርባ ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሲቀበል እንደነበረው ንጹሕ ሆኖ መታየት ፈልጓል።

በሩ ተንኳኳ።

ሻፊቅ አንጓውን ወደ ሞሪን ዘረጋ፤ እንደ ጠዋቱ፣ ያለ ቃል።

ሞሪን የሚንቀጠቀጠውን እጅ አየችው፤ ከእጅጌው ጫፍ ላይ በአንድ ክር የቀረችውን ነጭ ቁልፍም አየች። ጣቶቿ ለመንቀሳቀስ ሲያስቡ ተሰማት። በደህናው እጇ ክንዷ ላይ የተጠመጠመውን ፎጣ ጠበቅ አድርጋ ያዘች፣ በእሱ አጠገብ አለፈችና በሩን ልትከፍት ሄደች።