ጋቢና የያዙት አማት

ሱፍዋን ዙልፋን እንዳያገባ እንቅፋት የሆነበት ድህነት አልነበረም፤ ጠባዩም አልነበረም። መኪናው ነበረች።

ከሸዋ ሮቢት ጀውሃ ሰው የሚያመላልስባት አሮጌ ኮሮላ ኩርባ ላይ ስትደርስ ወገቧን ትነቀንቃለች። መሪውን ሲያዞር ፊቷ ወዲያው ይታዘዛል፤ ኋላዋ ግን ትንሽ አስቦበት ነው የሚከተለው። ሽማግሌዎች በተላኩ ጊዜ የዙልፋ እናት እትዬ ሰይዳ ሰምተው ሰምተው፣ «ልጁ እንከን አይወጣለትም። መኪናው ግን ትወላገዳለች። ቀጥ ብላ ጀውሃ ደርሳ ስትመለስ እኔው ራሴ ተቀምጬ ካላየሁ፣ ወላሂ ልጄን አልሰጥም» አሉ።

እትዬ ሰይዳ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሽንኩርትና ማሾ እየነገዱ አንድ ልጃቸውን ለብቻቸው ያሳደጉ ሴት ናቸው። አንዴ ከተናገሩ ተናገሩ ነው። ሽማግሌዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ሳይከራከሩ ተነሱ።

ሱፍዋን ወደ መካኒኩ ወደ ብርሃኑ በረረ። ብርሃኑ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁሞ ከሥር ገባና ሲነካካት ቆይቶ፣ «ሻንሲዋ፣ ይሄ የሥር አጥንቷ፣ ዝሏል። አንድ ወፍራም ብረት ከግራ ወደ ቀኝ እናስርላታለን። ከዚያ በኋላ አካሏ ሁሉ አንድ ላይ ይዞራል፤ ኩርባ አይበግራትም» አለው።

ብረቱ በሚገጠምበት ቀን እትዬ ሰይዳ ከገበያ በቀጥታ መጡና «ስትጨርሱ እሞክራታለሁ» ብለው ጋቢና ገብተው ተቀመጡ። የቀወት ወረዳ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ እትዬ ሰይዳ ጋቢና ከያዙ አይወርዱም። በንግድ ሲመላለሱ የኖሩበት መንገድ ያስተማራቸው ነገር ቢኖር፣ ከጋቢና ለአፍታ የወረደ ሰው ሲመለስ ሌላ ሰው ተደላድሎ እንደሚጠብቀው ነው። ደግሞ ሲቀመጡ መቀመጥ ነው! አላህ ሰውነት ሲሰጣቸው አልሰሰተባቸውም።

ብርሃኑ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ በሹክሹክታ፣ «ቡሎኑ ሲጠብቅ እኮ መኪናዋ ባዶ መሆን አለባት» አለ።

«ንገራቸዋ!»

«አማትህ ናቸው፤ አንተ ንገር።»

«ገና አልሆኑም! ውረዱ ብላቸው ደግሞ ጭራሽ አይሆኑም።»

ሱፍዋን ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ መስኮቱ ተጠጋ። «እትዬ ሰይዳ፣ ሙቀቱ አልበዛብዎትም? ጥላው ሥር ወንበር ላምጣልዎት?»

«እዚሁ ደህና ነኝ ልጄ። ሥራችሁን ሥሩ።»

ይሉኝታ የገባበት ሥራ መጨረሻው አያምርም። ብርሃኑ ቡሎኖቹን ሴትዮዋ እንደተቀመጡ አጠበቃቸው። ያም አልበቃው፣ ለአስተማማኝነት ብሎ በየዳቸው።

ጀውሃ ደርሰው እስኪመለሱ መኪናዋ የተወጠረ ገመድ መሰለች። እትዬ ሰይዳ ደጃቸው ላይ ሲደርሱ «ማሻአላህ» አሉና የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያማ ለድግሱ ቅመም ሲገዙ፣ ዘመድ ሲጠሩ፣ ድስት ሲዋሱ ከጋቢና አልተለዩም። ማታ ማታ መኪናዋ የምታድረው እሳቸው ግቢ ነው፤ ሱፍዋን ወደ ተከራያት ክፍል የሚሄደው በእግሩ ነው። ስለዚህ እሳቸው ሳይኖሩ መኪናዋን አንድም ቀን ሳይነዳት የሠርጉ ዕለት ደረሰ።

ኒካሁ ታሰረ። ሱፍዋን መሪዬን ለማንም አልሰጥም ብሎ ራሱ ሊነዳ ገባ፤ ዙልፋ ተሸፋፍና ጎኑ ጋቢና ተቀመጠች። እናት ሸኝታ ትቀራለችና እትዬ ሰይዳ ደጅ ቆመዋል። እልልታው ቀለጠ፤ መኪናዋ ተነሳች፤ ተነሥታም በቀጥታ ወደ ጎረቤት የቁልቋል አጥር አመራች። ሱፍዋን መለሳት። አሁንም ወደ አጥሩ። እልልታው ቀስ በቀስ ሞተ።

ከተጋባዦቹ መሃል ብርሃኑ እየሮጠ መጣና በመስኮቱ አጎነበሰ። «ብረቱ የታሰረው በእሳቸው ክብደት ነው። እሳቸው ሲጎድሉ ተጣመመች።»

ሚዜው ኡበይድ ወዲያው መላ አመጣ። «ሙሽራዋ ኋላ ትሂድ፤ ጋቢና አንድ ጆንያ ሽንኩርት እንጫን!»

ዙልፋ መሸፈኛዋን ገለጠች። «ለሽንኩርት ብዬማ አልወርድም!»

በዚህ መሃል እትዬ ሰይዳ ሕዝቡን ሰንጥቀው ደረሱ። ሱፍዋን መሪውን ለቀቀ። ልጃቸውን የሰጡት መኪናዋን አምነው ነው፤ ይኸው መኪናዋ በሰው ሁሉ ፊት አዋረደችው። ወርዶ አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ አታለልኩዎት። ቀጥ የምትለው አንቱ ሲቀመጡባት ብቻ ነው። ብረቱ የታሰረ ቀን ይውረዱ ማለት ፈርተን ነው።»

እትዬ ሰይዳ መኪናዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ሱፍዋን ይቆጡኛል ሲል እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣሉ።

«እኔም አታልዬሃለሁ» አሉ። «መኪናህ ምን ቸገረኝ? ሌላ ሰበብ አጥቼ ነው እንጂ። ስትሞክራት መንገዱን ሁሉ ቀጥ እንዳትል ዱዓ ሳደርግ ነበር። ልጄ ከሄደች እኔ ምሳ የምሠራው ለማን ነው?»

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ሱፍዋን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው፤ እነዚህ ሴትዮ የሚያለቅሱ አይመስለውም ነበር። ዙልፋ ግን በሩን ከፍታ ወረደችና የእናቷን ክንድ ይዛ፣ «ነይ ግቢ፣ እማ» አለች። ራሷ ኋላ ገባች።

የሱፍዋን ቤተሰብ እስከሚኖርበት እስከ ጀውሃ መኪናዋ ውልፍት አላለችም። እዚያም የሙሽራው ዘመዶች በዘፈን ወጥተው ሙሽራዋን ሊቀበሉ የጋቢናውን በር ሲከፍቱ፣ ግዙፏ እትዬ ሰይዳ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። ዘፈኑ ጉሮሮ ላይ ቀረ።

«ሙሽራዋ ኋላ ናት» አሉ እትዬ ሰይዳ ኮስተር ብለው። «እኔ ለሚዛን ነው የመጣሁት።»

ሳቁ ጋብ ብሎ ሰው ምግብ ላይ ሲቀመጥ፣ እትዬ ሰይዳ የዙልፋን እጅ እንደያዙ ወደ ሱፍዋን ዘንበል አሉ። «ለመሆኑ ብረቱ መቼ ይስተካከላል?» ድምፃቸው ቀጭን ነበር።

ብርሃኑ ነገ ጠዋት ቆርጬ እንደገና አስርልሃለሁ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት ብሎታል። ሱፍዋን የተያያዙትን ሁለት እጆች አየ።

«ብርሃኑ ሥራ በዝቶበታል» አለ። «ከረመዳን በፊት አይደርስልንም። እስከዚያ በየጊዜው እየመጣሁ እወስድዎታለሁ፤ አንቱ ሳይኖሩ መንዳት አልችልም።»

አጠገባቸው ለስላሳ ሲጠጣ የነበረው ብርሃኑ ትን አለው። እትዬ ሰይዳ ግን መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«አላህ ሥራውን ያብዛለት» አሉ።