የቅዳሜው ሽንኩርት

ብርቱካን ያቺን ወረቀት ይዛ የመጣች ዕለት፣ እናናየሁ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደምታደርገው ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከትፋ ያለ ዘይት እያቁላላች ነበር። ባሏን ጌታሰውን ጨጓራ ከያዘው ወዲህ ለሱ ወጥ በርበሬ አትነካም፤ ይህን ሽንኩርት ማር እስኪመስል ታበስለውና በጣሳ ከድና ጓዳ ታስቀምጠዋለች። የደብረ ብርሃን ብርድ ይጠብቅላታል። ሳምንቱን ሙሉ በማንኪያ እየቀነሰች አልጫ ትሠራለታለች። አንኮበር ሳለች ከእናቷ የለመደችው ነው፤ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ወገብ ይቆርጣል።

«ወንድሜን የጨረስሽው በዚህ ነው!» አለች ብርቱካን፣ የባሏ ታላቅ እህት፣ ገና ነጠላዋን ሳታወርድ።

ብርቱካን ዩኒቨርሲቲ ጽዳት ትሠራለች። እዚያ የሚያስተምር አንድ ህንዳዊ፣ አዩርቬዳ ስለሚሉት ስላገሩ የጤና ጥበብ ነግሯት በወረቀት አስጽፋ መጥታለች፤ ሽንኩርት ሆድ ያሞቃል፣ ቃር ያስነሳል፣ ለታማሚ ዝንጅብልና ከሙን ይሻለዋል ይላል።

«ከዛሬ ጀምሮ የሱን ምግብ የምሠራው እኔ ነኝ። አንቺ እጅሽን አንሺ።»

እናናየሁ ዞር ብላ ባሏን አየችው። ሆዱን ይዞ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሃያ ሁለት ዓመት ያበላችው ሰው አንድ ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት? በዚያ ቤት የኔ የምትለው ነገር ቢኖር የሱ ሳህን ብቻ ነበር፤ እሱንም ተቀማች።

ብርቱካን ሁለት ሳምንት ጠዋት ማታ እየተመላለሰች ምድጃው ላይ ነገሠችበት። ጌታሰውም ተሻለው። ቃሩ ጠፋ፣ እንቅልፉ ተመለሰ። እሷም አፏ አላረፈም፤ ዕድር ላይ ሳይቀር «ሚስቱ በሽንኩርት አንጀቱን አቃጥላው ነበር» ብላ አወራች። እናናየሁ ሰው ፊት አንገቷን ደፋች። አፍራለች፤ ከእፍረቱ ይልቅ ግን ጥላቻው አላስተኛትም።

አርብ ማታ ጣሳውን ደፍታ ልታጥበው ጓዳ ገባች። ያን ቅዳሜ ሞልታ ከከደነችው ወዲህ አልነካችውም፤ ለማን ብላ? ክዳኑን ስታነሳ ከሥሩ የቀረው ሁለት ማንኪያ ነው።

ጣሳውን ይዛ ወጣች። ብርቱካን ወንድሟን የድንች አልጫ ታጎርሳለች። እናናየሁ ከሳህኑ ቆንጠር አድርጋ ቀመሰች። የገዛ እጇን ጣዕም አልሳተችውም።

«እትዬ፣ ይሄ የማን ሽንኩርት ነው?»

ብርቱካን ቀላች። «ያለሱ አልበላም አለኝ። ምን ላድርግ?»

«አንተ ታውቅ ነበር?»

ጌታሰው ጉርሻውን ዋጠ። «ከመጀመሪያው ቀን። ነገር እንዳይነሳ ብዬ ነው፤ ታላቄ ናት። አንቺ ደግሞ ቻይ ነሽ።»

ለብርቱካን ያጠራቀመችው ጥላቻ ሁሉ ወደሱ ዞረ። ጣሳውን አሟጣ ሳህኑ ላይ ገለበጠችለት።

«ብላ። የመጨረሻው ነው።»

በማግስቱ ገበያ አልወጣችም። ረፋዱ ላይ ብርቱካን ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ተሸክማ መጣችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዴት እንደሚቁላላ ጠየቀቻት።

«ህንዱን ጠይቂው» አለቻትና በሩን ዘጋች።