የሌለው ግማሽ ሰዓት

«ይኼ የባሌ ድምፅ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ ዐይናቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ እንደተከሉ።

ማኅሌት የሬዲዮውን ቅጂ ደግማ ከፈተችው። ከጭርታው መሀል ወፍራም ድምፅ ወጣ፤ ከጉድጓድ እንደሚጎተት ዝግ ያለ። «ው...ኃ... ገ...ባ...» ብሎ ወደማይለይ ማጓራት ተለወጠ። የሰው አይመስልም። ጠራራ ፀሐይ በመስኮቱ እየገባ ሳለ ማኅሌትን ውርር አደረጋት።

የባላቸው የአለበል ጀልባ ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አስከሬንም ስባሪም አልተገኘም። የኮሌጅ መምህርቷ ማኅሌት ጀልባው በጠፋበት ጠዋት ለጥናቷ ብላ የጀልባዎቹን የሬዲዮ ጥሪ በኮምፒውተር ትቀዳ ነበር። ሚስቱ ይህን ሰምተው ነው የመጡት።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖርሁ» አሉ፤ ፊታቸው እየፈካ ሄደ። «እሱ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ሲናገርም ይጣደፋል። የሰጠመው ሌላ ሰው ነው፤ ነፍሱን ይማረው።»

ማኅሌት ደብተሯን ገለጠች። አንድ ነገር ከንክኗታል። ቀረጻውን ሁለት ሰዓት ላይ ጀምራ ሁለት ተኩል ላይ እንዳቆመች ደብተሯ ላይ ጽፋለች። ኮምፒውተሩ ግን የቅጂው ርዝመት አንድ ሰዓት ሙሉ ነው ይላል። ማንም ያልኖረው ግማሽ ሰዓት ከየት መጣ?

የመቀበያውን ቅንብር ከፈተች። መቀበያው ሞገዱን በሰከንድ ሁለት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺህ ጊዜ እየለካ ቀድቷል፤ ማጫወቻው ግን በሰከንድ ግማሹን ብቻ ያነባል። ለካ ሰዓቱ እጥፍ የሆነውም፣ ድምፁ የተንቀረፈፈውም የወፈረውም በዚህ ነው።

ቁጥሩን አስተካክላ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች።

ቀጭን፣ የሚጣደፍ ድምፅ። «ውኃ ገባ። ሞተሩም ጠፋ። የሰማኝ ካለ ለፀሐይ ይንገርልኝ፤ ወደብ ላይ ቆማ እንዳትጠብቀኝ።» ከዚያ ጭርታ ብቻ።

ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሥተዋል። «ልሂድ፣ ልጄ። ልጆቹ ጭንቅ ላይ ናቸው፤ አባታችሁ አለ ልበላቸው።»

ኮምፒውተሩ ለውጡን ላስቀምጥ ወይስ ልተው እያለ ይጠይቃል። ብትተወው ያ ወፍራም ድምፅ ይመለሳል፤ ሴትዮዋም እየሳቁ ይሄዳሉ። ጣቷ ለአፍታ ተንጠለጠለ።

«አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።

«እትዬ ፀሐይወርቅ» አለች፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ እያወለቀች፤ «እባክዎ ትንሽ ይቀመጡ።»