አረፋው ብዙ፣ ድካሙ ጥቂት

ሰፈሩ አዛውንቱን በስማቸው አይጠራቸውም፤ «ሳሙናው» ይላቸዋል። ሃያ ስምንት ዓመት ራዲዮ ጣቢያ ማስታወቂያ ሲያነቡ ኖረው፣ ሰው ጆሮ ውስጥ የቀረችው አንዲት የልብስ ሳሙና ማስታወቂያ ነበረች፦ «አረፋው ብዙ፣ ድካሙ ጥቂት!» ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩአቸው ግማሿን ይሏታል፤ እሳቸው ኮፍያቸውን ነካ አድርገው ቀሪውን ብለው ያልፋሉ።

ቤት ውስጥ መልሱ ሌላ ነበር። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ፣ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብለው ሲያጥቡ፣ ባል በመስኮት ብቅ ይሉና በዚያ በሚያምር ድምፃቸው መፈክሯን ይለቁባቸዋል። ሚስትም ቀና ሳይሉ፣ «አረፋው ያንተ፣ ድካሙ የኔ» ይላሉ። ባል በሳቅ ይፈርሳሉ። ቀልዱ ሚስትየዋ እስኪሞቱ ድረስ አልሰለቸም።

እናቲቱ በሞቱ በሁለተኛው ዓመት፣ አባትየው አንድ ጠዋት የጫማቸውን ክር ሲያስሩ ወደቁ። ከሆስፒታል ሲወጡ ቀኝ እጃቸው አይታዘዝም፤ ምላሳቸውም ተሳስሯል። በድምፃቸው እንጀራ ሲበሉ የኖሩ ሰው ውሃ ሲጠማቸው ብርጭቆ በጣታቸው ማሳየት ጀመሩ። የሚያስታምማቸው ልጃቸው ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ከሱቋ አምጥታ አልጋቸው አጠገብ ተከለችው።

የንግግር ሐኪሟ፣ በቃል የተሸመደደ ነገር አንዳንዴ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ እንደሚተርፍ ነገረቻት። ዘፈንም ይሁን ጸሎት፣ አፋቸው የለመደውን እንድትሞክር መከረቻት። ልጅቱ የሚያውቁት ዘፈን ትዝ አላላትም። ከፊታቸው ተቀመጠችና፣ «አረፋው ብዙ» አለች።

«ድካሙ ጥቂት!» አሉ።

ያው የራዲዮው ድምፅ ነው፤ ጥርት ያለ፣ አንድ ፊደል ያልተሰበረበት። ሁለቱም ደነገጡ። ልጅቱ ለታናሽ ወንድሟ ስልክ ስትደውል ከደስታ ብዛት መናገር አቅቷት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያረጁ ማስታወቂያዎችን ከትዝታዋ መልቀም ሆነ ሥራዋ። የብስኩቱን፣ «አንዱን ቀምሶ በአንድ የቆመ የለም» የሚለውን አገኘች። የባትሪ ድንጋዩን አገኘች፦ «ሌሊቱ ያልቃል፣ ድንጋዩ አያልቅም።» ይህቺን ስትል ወንድሟ በሕፃንነቱ የሠራው ትዝ ይላታል። ማስታወቂያው የተቀዳ ነበርና፣ አባታቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳሉ ድምፃቸው ከራዲዮው ይወጣል። አንድ ቀን አባትየው በመሀል ሲያወሩ ልጁ ተቆጣቸው፦ «ዝም በል፣ አባባ እየተናገረ ነው!»

ሐኪሟ መፈክሮቹ ድልድይ እንዲሆኑ ፈለገች። ከዓረፍተ ነገሩ «አረፋ» የምትለውን፣ ከዚያ «ውሃ»ን፣ ከዚያ የልጃቸውን ስም። አራት ወር ሞከሩ። «አረፋ» ለብቻዋ አንድ ቀን እንኳ አልወጣችም። መፈክሩ እንዳለ ይወጣል፣ ወይም ምንም አይወጣም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቱ፣ ለራሷም ሳትነግር ስትፈራው የቆየችውን ነገር አደረገች። እጃቸውን ያዘችና የእናቷን መልስ አለችላቸው፦ «አረፋው ያንተ…»

«ድካሙ ጥቂት!» አሉ፤ ለማያውቁት አድማጭ እንደሚያነቡ። ዓይናቸው ሳይርገበገብ የሚቀጥለውን ጠበቁ። ልጅቱ ተነስታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ያን ቀን የሰፋችውን ሁሉ በማግስቱ ፈታችው።

እሳቸውን ስታነሳ ስታስተኛ ወገቧ ሲሰበር ወንድሟ መጣ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የሚኖረው ሩቅ ከተማ ነው። እዚያ አረጋውያን የሚጦሩበት ደኅና ቤት እንዳለ፣ እሱም በየሳምንቱ ሊጠይቃቸው እንደሚችል ነገራት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ከኔ ጋር ትሄዳለህ?»

«ድካሙ ጥቂት!»

ወንድሟ ፊቱ በራ። «ሰማሽ እትዬ? እሺ አለ።»

«እሺ አላለም።»

«ታዲያ ምን አለ?»

«ምንም አላለም። ምንም አይልም። እኔ ነኝ እስከ ዛሬ እያወራ ነው እያልኩ ያታለልኩህ።»

ወንድሟ ቀስ ብሎ፣ እንደዚያም ሆኖ ሌላ መላ እንዳላት ጠየቃት። አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን ልብሳቸውን ራሷ አጥባ፣ ተኩሳ፣ ሻንጣ ውስጥ አስገባችላቸው። መኪናው ሲነሳ ወደ ቤቱ ዞር አላሉም።

መጦሪያው ቤት መጀመሪያ ሰሞን ወደዳቸው። ሠራተኛው ሁሉ፣ የሌላ ሰው ጠያቂ ሳይቀር፣ ግማሿን ጀምሮ እሳቸውን ያስጨርሳል። ከዚያ የብስኩቱ ጠፋች፤ የባትሪው ተከተለች። በመጨረሻ የሳሙናዋም ሄደች። መቼ እንደሄደች ግን የመዘገበ የለም፤ ወንድሟም ቢሆን ሥራ ሲበዛበት በየሳምንቱ የነበረው በየወሩ ሆኖ ነበር።

ልጅቱ በአውቶቡስ ውላ ስትደርስ፣ ነርሷ በደስታ ነው የተቀበለቻት። «አሁን ሰላም ሆነዋል፤ አያስቸግሩም» አለቻት። አባቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ጥፍራቸው አድጎ አየችና ከቦርሳዋ መቁረጫ አውጥታ፣ የማይታዘዘውን ቀኝ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አኑራ ጨረሰችው። ወደ ግራው ዞረች። የሁለት ጣት ጥፍር እንደቆረጠች እጃቸውን ቀስ ብለው ሳቡባት፤ ደረታቸው ላይ ሸጎጡትና፣ ሰው የማያውቀውን ሰው እንደሚያፍር አፍረው ወደ መስኮቱ ፊታቸውን መለሱ።

ጥቂት ጠበቀች። የቀሩትን የሦስት ጣቶች ጥፍር ነርሷ ቆረጠችላቸው።